የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጎጀብን ሸለቆ አቋርጦ ወደ ቦንጋ በብስክሌት

ባለፉት ሁለት ወራት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከጅማ ወደ ከፋ ስለሚወስደው የአስፋልት መንገድ የሚጠይቁት ስለበዙ፣ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ መንገድ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ለማሳጠር ስንል ሰላምታውንና ምስጋናውን ቀንሰናል፤ የጥያቄዎቹን ፍሬ ነገር ግን አልነካንም።

ጥያቄ፦ እኛ ጅማ ከተማ ውስጥ የምናስተምር ሦስት መምህራን ነን። ሦስታችንም ኮርሳ ብስክሌት አለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ አጋሮ ደርሰን እንመለሳለን፣ ይህም ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጥር ወር ዕረፍታችን ወደ ቦንጋ ለመሄድ አስበናል። ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ በአንድ ቀን እንደርሳለን ብለን እናምናለን፤ አንድ ባልደረባችን ግን «ያንን መንገድ በኪሎ ሜትር አትለኩት» ይለናል። ምን ይመክሩናል?
ሦስት መምህራን፣ ጅማ

መልስ፦ ባልደረባችሁ የነገራችሁ ትክክል ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ቦንጋም ከ1,700 ሜትር እምብዛም አትርቅም፤ ስለዚህ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ የተመለከተ ሰው መንገዱ ሜዳ ለሜዳ የሚሄድ ይመስለዋል። በሁለቱ መካከል ግን የጎጀብ ወንዝ አለ። ድልድዩ ያለበት ሸለቆ እስከ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል፣ ከጅማ በኩል በቁልቁለት በነፃ ያገኛችሁትን ሁሉ ከወንዙ ማዶ በዳገት ትከፍሉታላችሁ። ኮረብታ በበዛበት አገር ብስክሌት የሚጋልብ ሰው አዘውትሮ የሚጠይቀው ከፍተኛው ቦታ የት እንደሆነ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን መጠየቅ ያለበት ዝቅተኛው ቦታ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ነው።

ምክንያቱን ልግለጽላችሁ። ከጅማ ወጥታችሁ በሰቃ በኩል እስከ ሸቤ ድረስ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አጫጭር ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት፣ በለጠ የተባለውን ደን የሚያቋርጥ፣ ጥላው የማይጠገብ መንገድ ነው። ማለዳ ላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ይታያሉ፤ ከደኑ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ሰው ሳይታወቀው ከአቅሙ በላይ ይፈጥናል። ከሸቤ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ጎጀብ መውረድ ሲጀምር ዛፉ እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ከፍታው በ100 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል ተብሎ ቢታሰብ እንኳ ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ላይ የጥላው መሳሳት ሲጨመር ለሰውነት የሚሰማው ከዚያ ይበልጣል። እንግዲህ ረጅሙ ዳገት የሚጀምረው ከዚያ፣ ከሙቀቱ ሥር፣ እግር ቁልቁለቱን ሳይዘውር ወርዶ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው።

እኔ ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ከጅማ የተነሣሁት ቁርሴን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ጎጀብ ድልድይ ላይ የደረስሁት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ የያዝሁት ውሃ አልቆ ነበር። ዳገቱን ሩብ ያህል ከወጣሁ በኋላ ራሴ መዞር ስለጀመረ ከአንድ ዛፍ ሥር ተኝቼ ሁለት ሰዓት አሳለፍሁ፤ በመጨረሻም አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዝኖልኝ ብስክሌቴን ከጆንያዎቹ ላይ አስሮ ቦንጋ አደረሰኝ። ዳገቱ በራሱ ከጅማ እስከ አጋሮ ለሚመላለስ ሰው የማይቻል አይደለም፤ የጎዳኝ ሰዓቱ ነበር።

ስለዚህ የምመክራችሁ ጉዞውን በሁለት ቀን እንድትከፍሉት ነው፤ አከፋፈሉም እኩል በእኩል አይሁን። በመጀመሪያው ቀን ምሳችሁን በልታችሁ ከጅማ ተነሡና፣ በቀዝቃዛው የከሰዓት ጥላ ደኑን እያያችሁ ሸቤ ግቡ። አልጋ መኖሩን አስቀድማችሁ አንድ የአካባቢውን ሰው በስልክ ጠይቁ። በማግሥቱ ሰማዩ ገና ሲነጋ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቁልቁለቱን ጀምሩት፤ ጎጀብን ፀሐይ ሳትበረታ ትሻገራላችሁ፣ ዳገቱንም የኮረብታው ጥላ ገና መንገዱ ላይ ሳለ ትወጣላችሁ። ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ደኑ እየተመለሰ ይቀበላችኋል። እኔ በዚህ መንገድ ከማውቀው ሁሉ እጅግ የምወደው ይኸው ነው፦ ከገላጣው ሸለቆ ወጥቶ፣ ቀረሮውና ዋንዛው ከላይ፣ ቡናው ከሥር፣ እንሰቱም በየደጁ የሚታይበት አገር ውስጥ ቀስ እያሉ መግባት። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህንን ለውጥ በግማሽ ሰዓት ያልፈዋል፤ እናንተ ግን ሽታው ሲለወጥ ትሰሙታላችሁ።

በአንድ ቀን ካልሆነ ብላችሁ ከቆረጣችሁ፣ ከጅማ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳያልፍ ተነሡ፤ ጎጀብ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የምትደርሱ ከመሰላችሁ ግን ሸቤ ላይ እደሩ እንጂ አትውረዱ። ከወረዱ በኋላ ሐሳብን መለወጥ የሚቻለው በዳገት ብቻ ነው።

ስለ ስንቅ ብዙ አልልም። በሶ በማርና በጨው ተበጥብጦ በአንደኛው ኮዳ ይያዝ፤ በሌላው ኮዳ ንጹሕ ውሃ፤ ሦስተኛ ውሃ ደግሞ በጀርባ ቦርሳ። በዳገት ላይ ሰውነት በየሰዓቱ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል። ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ በመንገድ ዳር የምታገኙት ሙዝና ዳቦም ለዚህ ሥራ የሚበቃ ምግብ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት በጅማ መናኸሪያ ወደ ቦንጋ የሚመላለሱትን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ጸጥታው ጠይቁ፤ ያን ዕለት የተመለሰ ሾፌር የሚነግራችሁ ነገር እኔ ከወራት በፊት ከጻፍሁት ይበልጣል።

ጥርን መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ከፋ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል፤ ዝናቡም እንደ ሸዋ በሐምሌና በነሐሴ ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ነው። ይህን ሁሉ ደን ያቆመውም እርሱ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት እንኳ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ካፊያ ስለማይጠፋ ቀላል የዝናብ ልብስ አይለያችሁ። ከየመንደሩ የሚወጡ ጥርጊያ መንገዶች ከአስፋልቱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ቀይ ጭቃ ተጎትቶ ይወጣል፤ በቀጭን ጎማ ላይ ያ ጭቃ ከዝናቡ ይበልጥ አደገኛ ነው።

ቦንጋ ስትደርሱ በዚያው ቀን ለመመለስ አትቸኩሉ። በማግሥቱ ሻንጣችሁን አስቀምጣችሁ ወደ ሚዛን ተፈሪ ከተማ በሚወስደው መንገድ እስከ ውሽውሽ የሻይ እርሻ ድረስ ብቻ ሄዳችሁ ተመለሱ። ከደኑ ጥቁር አረንጓዴ ወጥቶ እንደ ምንጣፍ ተከርክሞ ኮረብታውን የለበሰውን ሻይ ማየት የጉዞው ጌጥ ነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ የገባ፣ የጫካ ቡና ዛሬም በተፈጥሮው የሚበቅልበት ስፍራ ነው። የበላችሁበትን ላስቲክ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ይህን የምለው ለወግ ሳይሆን ባለፈው ዓመት በዳገቱ ወገብ ላይ፣ ብስክሌተኞች በሚያርፉበት አንድ ጥላ ሥር፣ የተጣሉ የላስቲክ ጠርሙሶችን ራሴ ስለለቀምሁ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ የያዝኋት የብረት ኮርሳ አለችኝ፤ ፊት ለፊት ያለው ትንሹ ጥርስ 42፣ ከኋላ ያለው ትልቁ ደግሞ 24 ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ሜዳውን እችለዋለሁ፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ወደ ጅማና ከፋ ከመሄዴ በፊት ምን ላድርግ?
የቆየ ብስክሌተኛ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ሕመሙ ከቆየ አስቀድመው ሐኪም ይዩ። ከብስክሌቱ በኩል ያለውን ግን በቁጥር ላሳይዎ። በእርስዎ ካምቢዮ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 3.7 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ ፍጥነትዎ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ቢሆን፣ እርስዎ፣ ብስክሌቱና ዕቃዎ በአንድነት 90 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ለዚህ ፍጥነት ከ280 ዋት በላይ ጉልበት ያስፈልጋል። ይህን ለግማሽ ሰዓት መቀጠል የሠለጠነ ወጣትን እንኳ ይፈትናል። ስለዚህ እርስዎ ሳያውቁት ዙሩን ወደ 35 ወይም ወደ 40 ያወርዱታል፤ በየዙሩ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና የሚበረታውም በዚህ ነው። የፊቱና የኋላው ጥርስ እኩል ቢሆን ግን በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ብቻ ይሄዳሉ፤ በ60 ዙር ፍጥነቱ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር፣ የሚፈለገውም 160 ዋት ገደማ ይሆናል። ዝግታው አያሳፍርም፤ ዳገቱን የሚያስጨርስዎ እርሱ ነው።

ወደዚያ ለመድረስ አዲስ ብስክሌት መግዛት አያስፈልግዎትም። የድሮ ኮርሳ የፊት ክንድ፣ ማለትም ፔዳሉ የሚታሰርበት፣ 34 ጥርስ ያለው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም፣ የኋላው ካምቢዮም 34 ጥርስ አይጎትትም፤ ስለዚህ አንድ ሰው «ዘመናዊውን እገጥምልሃለሁ» ቢልዎት ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ገጥሞ ያሳይዎ። የእኔ ምክር ከአሮጌ የተራራ ብስክሌት ላይ ባለ ሦስት ቀለበት የፊት ክንድ፣ ትንሹ 28 ጥርስ የሆነውን፣ ፈልገው እንዲያስገጥሙ ነው። ከኋላ ደግሞ እስከ 28 የሚደርስ የጥርስ ስብስብ ይግጠሙ። በብስክሌትዎ አካል ላይ ያሉት የካምቢዮ መለወጫ ዘንጎች የድሮዎቹ፣ ደረጃ የሌላቸው፣ ማለትም ቀጭ ሳይሉ የሚንሸራተቱ ከሆኑ ለማንኛውም የጥርስ ቁጥር ስለሚታዘዙ ይህን ማድረግ ይቀላል። ካቴናው ግን በአዲስ መልክ ተለክቶ መቆረጥ አለበት።

ሌላው የኮርቻው ከፍታ ነው። ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉና ፔዳሉን ወደ ታች ያውርዱት፤ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ጎንበስ ካለ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ የጉልበት ፊት ሕመም ካለባቸው ብስክሌተኞች ብዙዎቹ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ሳያስነሡ፣ ለአንድ ሳምንት እየሞከሩ ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ የምኖረው በጀርመን፣ ሽቱትጋርት አቅራቢያ ነው። ለገና አገር ቤት ስመጣ ብስክሌቴን ይዤ ከጅማ እስከ ሚዛን ለመሄድ አስቤአለሁ። ጥቁር ደን በሚባለው አካባቢ ስለምለማመድ ዳገት አያስፈራኝም፤ ብስክሌቴ የካርቦን ቸርኬና ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን አለው። ልዩ ዝግጅት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ዳገቱ ካላስፈራዎት ቁልቁለቱ ያሳስብዎ። 90 ኪሎ ክብደት 400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ጉልበት ነፋሱ የተወሰነውን ይወስዳል፤ ፍሬን ይዘው በዝግታ በወረዱ መጠን ግን የሚበዛው ድርሻ ወደ ቸርኬዎ ይሄዳል። የካርቦን ቸርኬ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለሰልሳል፣ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ የአልሙኒየም ቸርኬ ይግጠሙ፤ የሚቻልዎት ከሆነም ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ይዘው ይምጡ። አወራረዱም ቢሆን ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች እንደያዙ ሳይሆን፣ ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርገው ይዘው ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያም ለቅቀው ቸርኬው እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ነው። በኩርባው ውስጥ ዓይንዎን ከጫፉ አያንሡ፤ ከዚያ ወዲያ ላም ወይም የቆመ ቅጥቅጥ ሊኖር ይችላል። ያረፈደ ጉም ደኑ ውስጥ ካለ አስፋልቱ እርጥብ ነው፤ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ደግሞ እርጥቡን ሳይጠርግ አይይዝም፣ ስለዚህ አስቀድመው በዝግታ ያስነኩት።

ጎማዎ ከ28 ሚሊ ሜትር ያልቀጠነ ይሁን፤ 32 ቢሆን ይበልጥ ይመረጣል። በየከተማው ጎሚስታ አያጡም፤ ቀጭን አፍ ያለው የኮርሳ ካላማዳሪ ግን አያገኙም። ሦስት ካላማዳሪ፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ላስቲክ፣ የካቴና መጋጠሚያና፣ ከሁሉ በላይ የሚረሳውን፣ ቀጭኑን አፍ ከጎሚስታው መንፊያ ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ ነሐስ ይያዙ። የገና ሰሞን የቡና ለቀማው ገና ሙሉ በሙሉ ስለማያልቅ የጭነት መኪና ይበዛል፤ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣን መኪና ለማለፍ አይሞክሩ፣ ከኋላው በጣም ተጠግተውም አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ብስክሌት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲጫን እንዴት ቢታሰር ይሻላል?
ተማሪ፣ ሚዛን

መልስ፦ የካቴናው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፤ ከሥሩ ጆንያ ወይም ፍራሽ ይነጠፍለት። ገመዱ በብስክሌቱ አካል ላይ እንጂ በቸርኬው ወይም በካምቢዮው ላይ አይጥበቅ። ከበላዩ ሌላ ዕቃ እንዳይጫንበት ከረዳቱ ጋር አስቀድመህ ተስማማ፤ በየፌርማታው ወርደህም እይ።

ጥያቄ፦ እኔ በዚያ መንገድ ዳር የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ብስክሌተኞች በየጊዜው ያልፋሉ፤ ልጆቻችንም ያጨበጭቡላቸዋል። ባለፈው ኅዳር በገበያ ቀን ቡና የጫነች በቅሎዬን ይዤ ስሄድ፣ አራት ሆነው ቁልቁለቱን ከኋላዬ በዝምታ መጥተው በአጠገባችን ሲያልፉ በቅሎዋ ደንብራ ቦይ ውስጥ ገባች። ጆንያው ተቀደደ፣ ቡናውም ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። በመጽሔታችሁ ለእነዚህ ሰዎች የምትነግሩት ነገር ካለ ንገሩልኝ።
አንድ አባት፣ ጊምቦ

መልስ፦ አባታችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በደረሰብዎት ነገርም ከልብ አዝኛለሁ። እነዚያ ብስክሌተኞች ይህን ካነበቡ የሚገባቸው ተመልሰው ይቅርታ መጠየቅና የፈሰሰውን መክፈል ነው። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ለእነርሱና በዚያ መንገድ ለሚያልፉ ሁሉ ነው።

በቅሎ መኪናን ለምዳዋለች፤ ድምፁን ከሩቅ ትሰማለችና ትዘጋጃለች። ብስክሌት ግን ድምፅ የለውም። ከኋላ ድንገት የሚመጣ፣ ዝም ያለ፣ ፈጣን ነገር ለበቅሎ የአውሬ ምልክት ነው። ስለዚህ የጫነ እንስሳ ስታዩ ገና 50 ሜትር ሲቀራችሁ ፍጥነታችሁን ቀንሱና ተናገሩ፤ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ከደወል ይበልጣል፣ ምክንያቱም እንስሳው የሰው ድምፅ መሆኑን ያውቃል፣ ባለቤቱም ልጓሙን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። በእንስሳውና በባለቤቱ መካከል በፍጹም አትለፉ። እንስሳው ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ ወይም ጎኑን ወደ መንገዱ ካዞረ ከብስክሌቱ ውረዱና እስኪያልፍ ቁሙ። በቡድን ስትሄዱ ተራ በተራ እንጂ እንደ መንጋ ተግተልትላችሁ አትለፉ፤ የመጀመሪያው ካለፈ በኋላ የተረጋጋች በቅሎ በአራተኛው ልትደነብር ትችላለች።

በየመንገዱ ያሉት ከተሞች የገበያ ቀናቸው የተለያየ ነው። ጉዞ ከመቁረጣችሁ በፊት የየከተማውን የገበያ ቀን ጠይቁና ወይ ሌላ ቀን ምረጡ፣ ወይ ገበያተኛው ከመንገድ ሳይወጣ ማለዳ እለፉ። ይህ ካልተቻለ ከተማው አፍ ላይ ውረዱና ብስክሌታችሁን እየገፋችሁ ተሻገሩ፤ የምታጡት ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የመንገዱ ዳር የቡና ማስጫ ስለሚሆን፣ መኪና ለማሳለፍ ወደ ዳር ስትወጡ የተሰጣ ቡና እንዳትረግጡ አስተውሉ።

አባታችን፣ የእርስዎን ደብዳቤ ከመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች፣ ከሦስቱ መምህራን ጋር አስቀድሜ ተካፍዬዋለሁ። በጥር በእርስዎ ደጅ ሲያልፉ ወርደው ሰላም እንደሚሉዎት ቃል ገብተውልኛል።